ስም ሳናወጣለት አስገረዝነው

«የልጁ ስም ማነው?» አለችን ነርሷ።

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ስለሆነ ልናስገርዘው ኡራኤል አካባቢ ክሊኒክ ይዘነው ሄደናል። ስም ግን ገና አላወጣንለትም።

ከተወለደ ጀምሮ እየተጨቃጨቅን ነው። እኔ ባመጣሁት ስም ሁሉ እሷ «ሲያድግ ቢጠላውስ?» ትለኛለች፤ እኔም እሷ ባመጣችው ስም ሁሉ እንደዚያው እላታለሁ። (እናቴ የመረጠችውንማ ሰምተን እንዳልሰማን ሆነናል።)

ገና አላወጣንለትም ስንላት ነርሷ «ለግርዛቱስ ሁለታችሁም ፈቅዳችኋል?» አለችን።

«አዎ!» አልን እኩል። እናቴም ከኋላችን «አዎ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አሁን ካዛንቺስ ቤታችን ገብተን፣ ልጁ አልቅሶ አልቅሶ ተኝቷል።

ማስገረዜ አልቆጨኝም። ማለቴ፣ እኔም ተገርዤ ነው ያደግሁት። ግን ስሙን ቢጠላው ፍርድ ቤት ሄዶ ያስቀይረዋል። ይሄንንስ?

እናንተ ቤት ስታስገርዙ «ቢጠላውስ?» ያለ ሰው ነበር?