እትዬ ብርቄን የሸኘሁባት ቀን

አሜሪካ፣ ፎረስት ፓርክ፣ እህቴ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ፣ ልጇ ለፈተና የምታጠናውን የእንግሊዝኛ ቃል ጮክ ብላ አነበበች፤ «አክሶሪሳይድ»።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰው ሚስቱን ሲገድል ነው፣ አንቲ።»

አገር ቤት፣ ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ባሏ ሲደበድባት ሸሽታ እኛ ቤት ገባች። በማግስቱ ሽማግሌዎች ባልየውን ድንጋይ አሸክመው አመጡት። እግሯ ላይ ወደቀ።

«ይገድለኛል» አለች።

«ተይ እንጂ ብርቄ፣ ሽማግሌ ረግጠሽ?» አላት አባቴ።

ልብሷን ይዤ ወደ ቤቷ የሸኘኋት እኔ ነኝ። በራፏ ላይ እጄን አልለቅ አለችኝ፤ ጨዋታ ናፍቆኝ ነበርና መንጭቄ ሮጥኩ።

በሳምንቱ ተቀበረች። ለቅሶው ላይ አባቴ «ቀኗ ደርሶ ነው» አለ፤ እኔም አመንኩት።

«በአማርኛስ ምን ይባላል?» አለችኝ ልጅቷ።

አባቴ እስከ ዛሬ አፉን ሞልቶ ያላለውን ነገርኳት፤ «ገደላት ነው የሚባለው።»