የአባቴ እግርና የእኔ እንግሊዝኛ

አሁንም በሰው ደጃፍ ሳልፍ የጫማ ቀለም ከሸተተኝ፣ በኬንያው ሞያሌ ማንያታ ሰፈር ያለው የጭቃ ቤታችን በረንዳና እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጥቁር ጫማውን የሚወለውለው አባቴ ይመጡብኛል። ከኬንያ ጦር ከተሰናበተ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እሱ ግን ጫማውን ሳያብለጨልጭ ቁርስ አይቀምስም ነበር። እናቴ «ዛሬ ደግሞ ሰልፉ የት ነው?» እያለች ታበሽቀው ነበር። እሷ ከድንበሩ ማዶ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ የመጣች ነጋዴ ነበረች፤ ገበያ ውስጥ ሚቱምባ፣ ማለትም ያገለገሉ ጫማዎች ትሸጥ ነበር። በቤታችን የሚነገረውም የእሷ አማርኛ ነበር፤ አባቴ በቦረንኛና በስዋሂሊ እየጠጋገነ ይናገረው ነበር።

የአባቴ እግር የተጎዳው በጥይት አልነበረም። ወጣት ወታደር ሳለ ጎርፍ በገባበት ምሽግ ውስጥ ለሳምንታት ጫማውን ሳያወልቅ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሲያወልቅ ውስጥ እግሩ ነጭ ሆኖ ተላልጦ አገኘው። ቁስሉ ሲድን ስሜቱም አብሮ ሄደ። እኛ ጋና የምንለው ዋናው ዝናብ ሲገባ እግሩ ያብጥ ነበር፣ እሾህ ቢወጋው አያውቅም ነበር፣ ፍም ቢረግጥም የሚነግረው ሽታው ነበር። ስለዚህ እናቴ የውዱእ ውሃውን በክርኗ ሳትለካ አታቀርብለትም፣ ከአሱር ሶላት በኋላም ደጃፍ ላይ አስቀምጣው ውስጥ እግሩን እንደ ሩዝ ትለቅመው ነበር። እሱ በዚህ በጣም ያፍር ስለነበር፣ እንግዳ ከመጣ እግሩን ፈጥኖ ከአግዳሚው ሥር ይከት ነበር።

በአንዱ ጋና አንድ የድሮ ጓደኛው መጥቶ፣ በአገልግሎት ላይ የተጎዳ ወታደር የአካል ጉዳት አበል እንደሚገባው፣ የሚታከምበትና ልዩ ጫማ የሚሠራለትም መንገድ እንዳለ ነገረው። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ መጻፍ ነበረበት። እኔ ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ስሆን በእንግሊዝኛ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ፤ ይህንንም የማያውቅ የሰፈር ሰው እንዳይኖር አድርጌ ነበር። አባቴ በስዋሂሊ «ምጉ» አለኝ፣ እናቴ በአማርኛ «እግር» አለችኝ፣ እኔም ሳላስብ «ሌግ» ብዬ ጻፍኩ። በሁለቱም ቋንቋ ከጭን እስከ ጣት ድረስ ያለው ሁሉ አንድ ስም ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ ስም እንደሚቀይር እያወቅኩ ረሳሁት። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ሁለቱም አንድ ቃል ሳይገባቸው በኩራት ይመለከቱኝ ነበር።

ጋናው አልፎ ምድሩ ሲደርቅ አባቴን ናይሮቢ ለሐኪሞች ቦርድ ጠሩት። በጭነት መኪና ላይ ሁለት ቀን ተንገላቶ ሄዶ፣ ሁለት ቀን ተንገላቶ ተመለሰ። ሐኪሙ ሱሪውን አሰብስቦ ጉልበቱን በትንሽ የጎማ መዶሻ መታው፣ ቅልጥሙን ዳበሰው፣ ራጅም አነሳው። ከሳምንታት በኋላ የመጣውን ደብዳቤ ያነበብኩላቸው እኔው ነበርኩ። በተጠቀሰው የአካል ክፍል ላይ ምንም ጉድለት አልተገኘም፤ ቅር ካለው በሦስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ይግባኝ ማለት ይችላል ይል ነበር።

«ጫማህንስ አላወለቅህም?» አለችው እናቴ።

«ሰሪካሊ ያዘዘኝን ነው የማደርገው» አላት፤ መንግሥትን ሁልጊዜ በስዋሂሊ ነበር የሚጠራው። «ሱሪህን ሰብስብ አሉኝ፣ ሰበሰብኩ። ጫማህን አውልቅ ያለኝ የለም።»

ያ በጋ ክፉ ነበር። ወሬው ገበያ ደረሰና፣ አባቴን በስሙ እየጠሩ፣ አብዲ ደህና እግሩን እያነከሰ የመንግሥት ገንዘብ ሊበላ ነው ተባለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ማንከሱን ተወ። ቀጥ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በሰልፍ እርምጃ ከቤት እስከ መስጊድ፣ ከመስጊድ እስከ ገበያ ይመላለስ ጀመር። ይግባኙንም አልፈልግም አለ። «ዳክታሪዎቹ ደህና ነህ ካሉኝ ደህና ነኝ» ይል ነበር፣ እኔም አንድ ልቤ ያምነው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው በዚያ አንድ ልቤ አፍራለሁ።

አንድ ቀን እንዲሁ ሲመላለስ ውሎ ሲገባ እናቴ የግራ ጫማውን ስትስበው አልወጣ አላት። ሚስማር ሶሉን በስቶ ውስጥ እግሩ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ እሱም ከጠዋት ጀምሮ ረግጦት ሲዞር ውሏል። ሶሎሎ ሐኪም ቤት ወስደነው ቀናት ተኛ። እዚያ ያከመው ሐኪም፣ ስሜት የሌለው እግር ተገቢ ጫማና ክትትል ካላገኘ በሚቀጥለው መቁረጥ ሊመጣ እንደሚችል በእንግሊዝኛ ነገረን። እኔ በመካከላቸው ቆሜ ወደ አማርኛ እመልስ ነበር።

«ይህ ሰውዬ ደጋግሞ የሚጠራው ቃል ምንድን ነው?» አለች እናቴ። «ፉት የሚለው።»

«እግር ነው።»

«የቱ? ጫማ ውስጥ የሚገባው?»

«አዎ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ጫማ የሸጠች ሴት ነበረችና ቁርጭምጭሚቷን በጣቷ ነክታ አየችኝ። «አንቺ የጻፍሽው ታዲያ እሱን ነው?»

«አይ፣ ከሱ በላይ ያለውን ነው» አልኳት። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም። አልቅሼ ስጨርስ ወደ አባቴ አልጋ አስጠጋችኝና ራሴው እንድነግረው አደረገችኝ። ጉልበትህን ያዩት እኔ ጉልበትህን እንዲያዩ ስለጻፍኩ ነው አልኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ትራሱ ላይ ቀና አለ።

«እንግዲያው አልዋሸሁም» አለ ቀስ ብሎ። «እነሱም አልዋሹም።»

ለካ እነዚያን ወራት ሁሉ የሚያስበው አበሉን ሳይሆን ይህን ነበር፤ ምናልባት ሕመሙን ራሴ ፈጥሬው ይሆን እያለ ራሱን ሲጠራጠር ነው የከረመው። እጁን ጭንቅላቴ ላይ አድርጎ «ጻፊ» አለኝ፣ እኔም የሐኪሙን ወረቀት አጠገቤ አድርጌ፣ ሦስቱ ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ይግባኙን ጻፍኩ። በዚህ ጊዜ ያልገባኝን ቃል ሁሉ አስተማሪዬን ጠይቄ ነበር።

ትንሹ ዝናብ በጀመረበት ሰሞን ቦርዱ ሲጠራው እናቴ አብራው ሄደች። ከቦርዱ በር ፊት ቆመው ምን እንዳለችው እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። «ስትገባ ማንም ሳያዝህ ጫማህን ታወልቃለህ» አለችው። ሳይታዘዝ እንዴት እንደሚያደርግ ሲጠይቃት «እኔ አዝዤሃለሁ» አለችው። ገብቶ ሰላምታ ሰጠ፣ ተቀመጠ፣ ሁለቱንም ጫማ አወለቀ። ሐኪሟ ዓይኑን አስጨፍና ውስጥ እግሩን በመርፌ ጫፍ እየነካች በነካችው ቁጥር እንዲነግራት ብትጠብቅ፣ አባቴ መቼ ነው የምትጀምሪው ብሎ ጠየቃት። እሷም ብዕሯን አነሳች።

መልሱ የመጣው በሚቀጥለው ጋና ነበር። ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል የሚለውን መስመር ሦስት ጊዜ አስነበበኝ፤ በሦስተኛው ላይ እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ዛሬ ናይሮቢ ድረስ አስፋልት ነው፣ እኔም እዚሁ ሞያሌ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አባቴ አርጅቷል፤ ሁለቱም እግሮቹ ግን አብረውት አሉ። ከሶሎሎም ከዋልዳም የድሮ ወታደሮች ይግባኝ ሊያጽፉኝ ሲመጡ በመጀመሪያ የሚቀበላቸው እሱ ነው፣ ሻይ ያቀርብላቸውና «ፉት በሉ፣ ሌግ እንዳትሉ» ይላቸዋል። በቀደም አንዱ ሽማግሌ በትሕትና ብርጭቆውን አንስተው ሻዩን ፉት አሉ፣ እናቴም ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ያኔ የነገሩኝን እጽፍ ነበር፤ አሁን ጫማቸውን አስወልቄ ሳላይ አልጽፍም። ሽማግሌው ለማውለቅ ሲያፍሩ አባቴ የራሱን ቀድሞ አወለቀና ሁለቱንም እግሮቹን በደጁ ፀሐይ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ዘረጋቸው።