ቁጥራቸውን የፋቅኩባቸው ድንጋዮች

ይህ ነገር የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ውስጥ፣ ዮርዳኖስ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ አማን ከተማ ተላዕ አል-ዓሊ በሚባለው ሰፈር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ሰዎች "በሰው አገር የገጠመሽን እስቲ አጫውቺን" ሲሉኝ ሌላ ሌላውን እያወራሁ ይህንን እዘለዋለሁ። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አላስራበኝም። እንዲያውም የገጠመኝ ደግ ሰው ነው። ለመናገር የሚከብደኝም ለዚህ ይመስለኛል።

አሠሪዎቼ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ነበሩ። እሳቸውን ባባ፣ ሚስታቸውን ማማ ሰልዋ እላቸው ነበር። ዘነበች የሚለው ስሜ አልያዝ ስላላቸው እነሱ ዚና ይሉኛል። ባባ ጡረታ የወጡ የጂኦሎጂ ዶክተር ናቸው። ከዮርዳኖስና ከጎረቤት አገሮች የተሰባሰቡ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር ነበራቸው፤ ሐሙስ ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ይከራከራሉ። ክርክራቸው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ልጆቻችን ስለሚረግጡት መሬት ምንም ሳያውቁ እያደጉ ነው፣ ማኅበሩ አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ብዙ ሻይ ካስቀዱኝ በኋላ ስዌይለህ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት የድንጋይ ማሳያ ክፍል ለመክፈት ተስማሙ።

ለማሳያ የሚሆኑት ድንጋዮች ባባ የሥራ ክፍል መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ስልሳ አንድ ናቸው። እሳቸውና ጓደኞቻቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ በረሃ ለበረሃ ዞረው የሰበሰቧቸው ናቸው። እኔ በየሳምንቱ አንድ በአንድ እያነሳሁ በደረቅ ጨርቅ እወለውላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር አልወዳቸውም ነበር። ድንጋይ አገሬ ሞልቶ ተርፎ፣ ባሕር ተሻግሬ መጥቼ አቧራውን ልጥረግለት? እል ነበር በሆዴ።

በዚያ ሰሞን ልቤ አገር ቤት ነበር። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነበር። ወንድሜ ታደሰ በደወልኩ ቁጥር፣ "ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም ብሏል። ግራው አልቆለታል፤ በቀኙ ገና ፊት ትለያለች። ሳይጠፋ ድረሺ" ይለኛል። ባባ የአንድ ወር ፈቃድ ሰጥተውኝ፣ ትኬቴ ተቆርጦ፣ ለመሄድ ሦስት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። እናቴ ስልኩን ተቀብላ "ሳላይሽ እንዳይጨልምብኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ማማ ሰልዋ ደግሞ ከመሄዴ በፊት ቤቱ ቀለም ተቀብቶ ተዕዚል ይደረግ አሉ። ተዕዚል ምንጣፉ ተጠቅልሎ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ ግድግዳው ሳይቀር የሚታጠብበት ትልቁ የቤት ጽዳት ነው። ቀለም ቀቢዎቹ ቤቱን ነጭ ነጠብጣብ አድርገውት ሄዱ። ወለሉ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ የበሩ እጀታ ላይ፣ የሌለበት የለም። አራት ቀን ሙሉ በምላጭና በቲነር ስፍቅ ዋልኩ። የጣቶቼ ቆዳ ተላጠ፤ ወገቤ የእኔ አልመስል አለኝ። በአራተኛው ቀን ባባ ለጉልበታቸው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ማማ ሰልዋም "የባባን ክፍል ደግሞ፣ ኩሉ ሺ፣ ሁሉንም ነገር!" ብለውኝ እህታቸው ጋ ወጡ።

ድንጋዮቹን በባልዲ እያመላለስኩ የገላ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ከተትኳቸው። ውሃና ክሎር፣ የእኛን በረኪና፣ ለቀቅኩባቸው። እያንዳንዳቸው ላይ የጥፍር ግማሽ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች። ቀለም ቀቢዎቹን እየረገምኩ ምላጬን አንስቼ ፋቅኳት፤ አልለቅ ያለችውን በቲነር።

ነጥቧ ላይ ትንሽ ቁጥር ተጽፋ እንደነበር አላወቅኩም ብል ውሸት ይሆናል። ሦስት ዓመት በእጄ ያገላበጥኳቸው ድንጋዮች ናቸው። በዚያን ቀን ግን አይቼያቸው እንደማላውቅ ሆንኩ። አራት ቀን ነጭ ነጥብ ሲፍቅ የሰነበተ እጅ ማንንም አይጠይቅም። ድካም ሰውን እንዲህ ያደርገዋል።

በረንዳ ላይ ፎጣ አንጥፌ ሳሰጣቸው ቆጠርኳቸው። ስልሳ። ደግሜ ቆጠርኩ። ስልሳ። ገንዳውን ዳበስኩ፤ ከአተላ በቀር ምንም የለም። በሰው ቤት ዕቃ ጠፋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሠርቶ የበላ ያውቀዋል። ሌባ ተብዬ ወደ መክተብ፣ ወደ አስቀጣሪው ቢሮ ከተመለስኩ ትኬቱም ቀረ፣ የእናቴ ዓይንም ሳያየኝ ጠፋ።

ባባ ከዘራቸውን እያንኳኩ ገቡ። አንዱን ድንጋይ አንስተው ገለበጡት። ሌላውን አነሱ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "ቁጥሮቹስ?"

"የቀለም ነጠብጣብ መስሎኝ ነው ባባ። ፋቅኳቸው። አንዱ ደግሞ ጠፍቷል፤ ወላሂ አልወሰድኩም!"

ማማ ሰልዋ በዚሁ መሐል ደረሱ። "ኸላስ! በቃ! ነገ ወደ መክተብ ትመለስ!" እያሉ ቤቱን በጩኸት ሞሉት። ባባ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። ቁጥሩ ደብተር ላይ ከተጻፈው ጋር እየተያየ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ የሚናገር መሆኑን አስረዱኝ። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ድንጋይ ለልጆች የሚያስተምረው ነገር የለውም አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ቦታቸውን አውቀዋለሁ" አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

"የምን ቦታ?"

"መደርደሪያው ላይ የሚቀመጡበትን።"

አንድ በአንድ እያነሳሁ መለስኳቸው። ይሄ ጨርቄን የሚቦጭቀው ነው፤ ከበሩ በኩል መጀመሪያ። ይሄ ሲያዩት ትልቅ ሲያነሱት ቀላል ነው፤ ከሱ ቀጥሎ። ይሄ አቧራ የሚውጠው፣ ይሄ ተንከባሎ እግሬ ላይ የወደቀው። ባባ ደብተራቸውን ከፍተው በአጉሊ መነጽር እያዩ ተከተሉኝ። ድንጋዮቹ የተደረደሩት በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ኖሯል። "ሰሕ" ይላሉ፣ ትክክል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ሰሕ።"

በመጨረሻ አንድ ባዶ ቦታ ቀረ። ባባ ደብተሩን አዩና ሳቃቸውን ለቀቁት። ከሙት ባሕር ዳርቻ ያመጡት የጨው ድንጋይ ነበር። ገንዳ ውስጥ ሟሙቶ በቧንቧ ሄዷል። ጨው ሆይ ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል ይባል የለ? ያ ምስኪን ደግሞ ድንጋይ ነው ተብሎ ተከብሮ ኖሮ በእኔ እጅ አለቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ግን ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ መጥተው ጉዱን ሰሙ። አንደኛው፣ አቡ ሳሚ የሚባሉት፣ "የሠራተኛ ትዝታ ሳይንስ አይደለም" አሉ። አሥር ድንጋይ አውርደው ቀላቀሉና መልሺ አሉኝ። አሥሩንም መለስኩ። ሻይ ድገሚኝ ብቻ አሉ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ባባ ጠሩኝ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቁጥሮቹን መልሼ የምጽፈው እኔ እንድሆን ፈለጉ። "ትኬትሽን ሁለት ሳምንት ብናስተላልፈው ትችያለሽ? ካልቻልሽ ማዓሌሽ፣ ግድ የለም" አሉኝ።

"ሓዲር" አልኩ። እሺ፣ ዝግጁ ነኝ ማለት ነው። ሦስት ዓመት ከአፌ ያልተለየ ቃል ነው፤ ውሃ ሲሉኝም፣ ጫማ ሲሉኝም ሓዲር ነው። ስለ እናቴ ዓይን ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ፈቃድ ስጠይቅ "ቤተሰብ ናፈቀኝ" ብቻ ነው ያልኩት። ያን ዕለት ደግሞ አጥፍቼ ይቅር ተብዬ፣ በምሕረቱ ላይ ሌላ ልመና መጨመር አሳፈረኝ።

ሁለቱ ሳምንት ሦስት ወር ሆነ። ሌሎቹ የማኅበሩ አባላት የእኔን ነገር ሰምተው ቁጥር እንድጽፍላቸው የየራሳቸውን ድንጋይ በካርቶን አመጡ። የትምህርት ቤቱ ክፍልም በጊዜው አላለቀም። ባባ እንደገና ጠየቁኝ፤ እንደገና ሓዲር አልኩ።

ክፍሉ ሲከፈት እኔም ስዌይለህ ሄድኩ። ድንጋይ ሳስተካክል አንዲት ተማሪ መጥታ በአረብኛ "ይሄ ምንድነው?" አለችኝ። ባዛልት እንደሚባል፣ ከእሳተ ገሞራ እንደወጣ፣ ከምሥራቁ ጥቁር በረሃ እንደመጣ ነገርኳት። ቁጥር ስጽፍ ባባ ከደብተሩ ሲያነቡልኝ የከረሙት ነዋ! ልጅቷ ጓደኞቿን ጠራችና "ዶክቶራዋ ትንገራችሁ" አለቻቸው። ዶክቶራ! ያን ቀን ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ማኅበሩ ባሳተመው ትንሽ መጽሔት መጨረሻም "ዚናን እናመሰግናለን" ብለዋል።

በማግስቱ ታደሰ ጋ ስደውል ድምፁ ልክ አልነበረም። "ነይ ግን" አለኝ። "ነይ ብቻ።"

ደብረ ብርሃን ስደርስ እናቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። መናገር አቅቶኝ ተንበርክኬ እጇን ያዝኩ። በጣቶቿ እጄን ዳሰሰችው። በክሎርና በቲነር ሻክሯል።

"ታደሰ፣ ሰው መጥቷል፤ ማናቸው?" አለች።

"እኔ ነኝ እማዬ። ዘነበች ነኝ።"

ጩኸቷን ጎረቤት ሁሉ ሰማው። ቀኙ ዓይኗም ከጠፋ ገና አንድ ወሩ ነበር።

ባባን አልወቅሳቸውም። ካልቻልሽ ግድ የለም ብለውኝ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ያን ዕለት ይሸኙኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። እዚያ ያሉ ልጆች በእነዚያ ድንጋዮች ተምረው ይሆናል፤ ይማሩ፣ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያመሰግነኝ ይደክመኛል።

አሁን ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። አንዳንዴ ብቻ ፊቷን ወደ እኔ ትመልስና "አረጀሽ እንዴ ልጄ? ከሳሽ?" ትለኛለች።

"ኧረ እማዬ፣ ስሄድ እንዳየሽኝ ነኝ" እላታለሁ።