ወንድሜ ያሳለፈው ጽዋ

ወንድሜ ባጃጅ ሲነዳ ሰው ገደለ። አስቦ አይደለም። ዝናብ ነበር፤ አንድ አባት ከገበያ ወጥተው መንገድ ሲያቋርጡ ፍሬኑ አልያዘለትም። ፖሊስ በዋስ ለቀቀው። ደም ግን ዋስ አያውቅም።

በእኛ ዘንድ ሰው የገደለ ወደ አስታራቂው ግቢ ይገባል። አስታራቂው ከከተማው ዳር፣ ባሮ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አጥራቸው ሸምበቆ ነው፣ ፍየል ይጥሰዋል። ግን እዚያ የገባን ሰው የሟች ወገን አይነካውም። እርቁ እስኪያልቅ ድረስም ሁለቱ ቤተሰቦች ከአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አይጠጡም። የጠጣ ይሞታል ይባላል። እኔ ባዮሎጂ ተምሬአለሁ፤ ቢሆንም በሟቹ ሰፈር ሳልፍ ውሃ ጠምቶኝም አልለምንም ነበር።

እናቴን ግን አላስችል አላት። የጸሎት ቡድን መሪ ናት። ልጇ ባልተጠመቀ ሰው ግቢ መሸሸጉ አሳፈራት።

«አማላጃችን አንድ ነው» አለችኝ። «ጠባቂያችንም እሱ ነው። ሌላ አጥር ምን ያደርግልናል?»

«ከአብ ጋር አስታርቆናል፣ እሺ። ከሟቹ ልጆች ጋርስ ማን አስታረቀን?»

አፌን እንድይዝ ነገረችኝ። እሁድ ጠዋት ሄዳ አወጣችው። ሽማግሌው አልከለከሏትም። እስከ በሩ ሸኟቸውና ከዚህ ወዲያ ያለው የእኔ አይደለም አሏት።

የጌታ እራት የሚቀርብበት እሁድ ነበር። እናቴ ረስታው ይሁን አውቃው ዛሬም አልገባኝም። የሟቹ ሚስት ከነወንዶች ልጆቻቸው ከፊታችን ተቀምጠዋል፤ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን። ልጆቹ ወንድሜ ሲገባ አዩት። ከዚያ በኋላ አልዞሩም። ያ አለመዞራቸው ነው ያስፈራኝ።

ፓስተሩ ክርስቶስ በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ቆሞ እንደሚማልድልን ሰበኩ። ቆርቆሮው ግሏል፣ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ጽዋው አንድ ነው፤ በወይን ፈንታ ከርከዴ ተሞልቶ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ሴትየዋ ጠጡ። ልጆቻቸውም ጠጡ። ጽዋው ዞሮ ወንድሜ እጅ ገባ።

ቢጠጣ፣ ይቅርታ ሳይጠይቅ ታርቄአለሁ ማለቱ ነው። ባይጠጣ፣ ለእናቴ ጌታን መካዱ ነው።

«ጠጣ፣ ልጄ» አለችው በሹክሹክታ።

ጽዋው በእጁ አጋደለ፤ ነጠላዬ ላይ ቀይ ጠብታ ወደቀ። ሳይጠጣ ለእኔ አቀበለኝ። እኔም ሳልጠጣ ለእናቴ አቀበልኳት። እሷ ተቀብላ ጠጣች፤ ደግሞ በዝግታ፣ ሁሉም እንዲያያት።

ስንወጣ ልጆቹ ደጁ ላይ ካለው ማንጎ ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር። አንዱ ዱላ ይዟል። ወንድሜ አልሮጠም፤ የሚሮጥበትም ቦታ አልነበረም። እናታቸው ቀስ ብለው መጥተው መሃል ቆሙ።

«ተዉት። ደማችንን አልካደም» አሏቸው።

ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺ ግን ጠጣሽ።»

ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ።

ወንድሜን በሌላ ሰው ባጃጅ ወደ ሽማግሌው ግቢ መለስኩት። እስካሁን እዚያ ነው፣ ፍየል ይጠብቃል። እናቴ ትኩሳት ሲይዛት ወባ ነው ትላለች። እኔም ወባ ነው እላለሁ። ጎረቤት ግን የጠጣችበትን ብርጭቆ ለብቻ ማስቀመጥ ጀምሯል።

«ኢየሱስ ይማልድልናል» ትላለች አሁንም። ይማልድልን፤ እኔም አምናለሁ። ግን ሄጄ ሽማግሌውን ለመንኳቸው፤ እርቁን ይጀምሩልን፣ እናቴንም በእርቁ ያስገቡልን አልኳቸው። ለእርቅ የምትጠራው የሟቹ ሚስት ናት፤ ስትጠራኝ እሄዳለሁ አሉኝ።

ሴትየዋ እስካሁን አልጠሩም።