በሙጫ የተዘጉ ገጾች

ትናንት የሴት ልጄን የሳይንስ መጽሐፍ ስገልጥ ሁለት ገጾች አልላቀቅ አሉኝ። ጠጋ ብዬ ባሸታቸው የዱቄት ሙጫ ሸተቱኝ። ደሜ ፈላ።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ስድስተኛ ክፍል ነበርሁ። የሳይንስ መምህራችን ስለ ሴቶች እኩልነት የተጻፈ መፈክር ግድግዳው ላይ ለጠፉና፣ በተረፋቸው ሙጫ ስለ ሴት ልጅ አካል የሚያስተምሩትን ገጾች በየመጽሐፋችን ውስጥ እርስ በርስ አጣበቋቸው።

"ይኼ ለእናንተ ገና ነው" አሉን፣ ጣታቸውን እየጠራረጉ።

ማታ እናቴን ገጾቹ ምን እንደሚሉ ጠየቅኋት። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መመለሷ ነበር፤ የጥጥ ብናኝ ፀጉሯ ላይ ነበረ።

"ሲደርስ ታውቂዋለሽ" ብላ ፊቷን አዞረች።

ደረሰ። ጣና ዳር ልብስ ሳጥብ ደም በእግሬ ወረደ። የምሞት መስሎኝ፣ ሰውም እንዳያየኝ፣ ውሃው ውስጥ እስከ ወገቤ ገብቼ ቆምሁ። እናቴ እዚያው አገኘችኝ። ከነጠላዋ ቀድዳ ሰጠችኝና "ዝም በይ፤ ሰው እንዳይሰማ" አለችኝ። ምን እንደሆንሁ ግን አልነገረችኝም።

ትናንት የልጄን መጽሐፍ ገጾች በማንቆርቆሪያ እንፋሎት አላቀቅኋቸው። ጠርዛቸው ቢቀደድም ይነበባሉ። ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ፣ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ሰው ይስማ።