ራዲዮ ዝም ያለ ጊዜ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ራዲዮ» ነው የሚለው። ስሙን የሚያውቁት መታወቂያውና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ እሷም ካልተናደደች በስሙ አትጠራውም። ሥራው ፀጉር ማስተካከል ነው። እሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ፣ የማን ፍሪጅ በበር አልገባ ብሎ በመስኮት እንደገባ አውቆ ይነሳል። ፀጉሩም ደህና ይቆረጣል፤ ለዚያ ግን ማንም ብዙ ቦታ አይሰጠውም።

ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚሠራው የሚስቱ ወንድም ነበር። እሱ ደግሞ አፉ የተለጎመ ይመስል ዝም ነው። ደንበኛ አንድ ነገር ቢጠይቀው መቀሱን በባዶው ቀጭ ቀጭ ያደርግና ሥራውን ይቀጥላል። አንዱ እያወራ፣ አንዱ ዝም እያለ፣ ሁለቱም እዚያች ክፍል ውስጥ ሸበቱ።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣና ሱቁ ተዘጋ። የሚስቱ ወንድም መጀመሪያ ጉንፋን ነው አለ፤ ቀጥሎ ትንሽ ደከመኝ አለ፤ ሆስፒታል ገባና በዚያው ቀረ። ቀብሩ ላይ እንዲገኝ የተፈቀደለት ሰው ጥቂት ነበር። ራዲዮ ያስለው ስለነበር ከመኪና እንዳይወርድ ተነገረው። መስኮቱ በትንፋሹ እየደበዘዘበት፣ በእጅጌው እየጠረገ፣ የሚታየውን ያህል አየ።

ሱቁ ሲከፈት ደንበኞች ጎረፉ። ቤት ተዘግቶባቸው የከረሙ ሰዎች ናቸው፤ ፀጉራቸው ጆሯቸውን ሸፍኗል፣ ወሬ ደግሞ ውል ብሏቸዋል። መጀመሪያ የገቡት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ተቀመጡ፣ ጨርቁ አንገታቸው ላይ ታሰረላቸው፣ ጠበቁ።

«እህሳ?» አሉ በመጨረሻ።

«ደህና» አለ ራዲዮ።

ከዚያ በኋላ የተሰማው የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነው። አስተማሪው በዕድሜያቸው እንደዚያ ያማረ የፀጉር ቁርጥ አግኝተው አያውቁም። እንደተታለለ ሰው እያጉረመረሙ ወጡ።

ነገሩ እየባሰ ሄደ። ደንበኛ ካሳለ ራዲዮ መቀሱን አስቀምጦ ውልቅ ይላል፤ ሰውየው በግማሽ የተቆረጠ ራሱን በመስታወት እያየ ይጠብቃል። ራዲዮ እጁን ከመታጠቡ ብዛት ቆዳው ተሰነጣጠቀ። ሁለተኛውን ወንበር አንሶላ አለበሰው። ቤትም ሲገባ «ድምፅ ያደክመኛል» ብሎ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻውን ይበላል። ሰፈሩ ጥርሱን አሞት ነው ብሎ ደመደመ።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዋን አቆመችና ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ስማ፤ ወንድሜን ያጣሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ያልከው ግን አንተ ነህ» አለችው። «ከዚህ ቤት የሞተው አንድ ሰው ነው ሁለት? ንገረኝና ቁርጤን ልወቅ።»

ሳህኑን አየ። «እኔ እንጃ» አለ።

«እንግዲያው የሚያውቅ እንጠይቃለና።»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይዛው ሄደች። የአእምሮ ጤና ነርሷ ረጋ ያለች ወጣት ናት።

«እንቅልፍ እንዴት ነው፣ አባቴ?» አለችው።

«ደህና ነው።»

«አይተኛም» አለች ሚስቱ።

«ምግብስ?»

«ደህና ነው።»

«አይበላም።»

ነርሷ ሚስትየውን ውጭ እንድትጠብቅ በትህትና ለመነቻት። ራዲዮ ብቻውን ሲቀር ግድግዳውን ብዙ አየ።

«ሰው የማወራው ለደንበኛው ይመስለዋል» አለ ኋላ። «ደንበኛው ሰበብ ነው። የማወራው ለሚስቴ ወንድም ነበር። ሳቀ አልሳቀ እያልኩ በመስታወቱ አየው ነበር። በዓመት አንዴ ገደማ ይስቃል።»

ነርሷ ሐዘን መሆኑን፣ ፍርሃትም እንደተደረበበት፣ እንደሱ ሆነው የሚመጡ ብዙ እንደሆኑና እንደሚታከም ነገረችው። በየሳምንቱ እንዲመጣ፣ በየቀኑም ለአንድ ሰው አንድ ነገር እንዲናገር አዘዘችው።

«ለእኔ ወሬ ታዘዘልኝ» አለ ለሚስቱ፣ መንገድ ላይ።

«ይሄ የዛሬው ይሁንልህ» አለች።

ነርሷ እሱን የመሰሉ ሰዎች የምታሰባስብበት ክፍልም ነበራት፤ የፕላስቲክ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል። ከሰዎቹ አንዷ የአውቶቡስ ሾፌር ናት፤ አውቶቡሱ ሰው ሲሞላ ላብ ያጠምቃታል፣ ስለዚህ አንዳንድ ፌርማታ ዝም ብላ ታልፋለች። ራዲዮ የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት እያዳመጠ አሳለፈ። አንድ ቀን ስለ መኪናው መስኮት ተናገረ።

«ከቀብሩ በኋላስ ከሰው ጋር ተቀምጣችሁ አወራችሁ?» አለችው ሾፌሯ።

«ተከልክሎ ነበራ።»

«አሁንስ ማን ከለከላችሁ?»

ራዲዮ አሰበ። የከለከለ ሰው አልነበረም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስለ ሟቹ ለማውራት ሱቁ ውስጥ ሰው ተሰበሰበ። ወንበር ከየጎረቤቱ መጣ፤ ትንፋሽ ለሚፈሩት መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፈተ። ሾፌሯም መጣች፤ ማን እንደጠራት አይታወቅም። ሚስትየው አንሶላውን ገፍፋ የወንድሟ ወንበር ላይ ተቀመጠችበት።

«ስለ ርግብ ያጫወተኝ ነገር አይረሳኝም» ብለው ጀመሩ አስተማሪው።

«ስለ ምን?» አለ ራዲዮ።

«ስለ ርግብ ነዋ! ያረባ ነበር እኮ። አንተ ምሳ ስትወጣ ነበር የምናወራው። ኧረ አንዳንዴስ ያደክም ነበር።»

ከመጡት አንዷ፣ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ፣ ደግሞ ርግቦቹ ያሉት ከዳቦ ቤቱ ጣሪያ ላይ እንደሆነ፣ እሱ ከሞተ ወዲህ የምታበላቸው እሷ እንደሆነች ተናገረች። እሷንም ቢሆን ወሬ ከጀመረ አይለቃትም ነበር።

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረኝም?» አለ ራዲዮ።

አስተማሪው ለስለስ ያለ ቃል ፈልገው አጡ። «መቼ ይንገርህ?» አሉት።

መጀመሪያ የሳቀችው ሚስትየው ናት። ራዲዮም ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ፊቱን ያዞረ ሰው አልነበረም። ሾፌሯ የሱቁን ፎጣ አቀበለችው። እስኪመሽ ድረስ ሲያዳምጥ ዋለ፤ ሚስቱ እንደምትለው፣ ከተጋቡ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ዛሬም ነርሷ ጋ በወር አንዴ ይሄዳል። እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሌሊት አለ። ደንበኛ ሲያስል በሩን ከፍቶ ይመለሳል፣ አይወጣም። ወሬው ተመልሷል፤ ብቻ መሀል ላይ ያቋርጥና «አንተስ?» ብሎ ይጠይቃል። ደንበኞቹ ይህን አልለመዱትም፤ ምን እንደሚመልሱ ሲያስቡ አንገታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ እሱም ይቆጣቸዋል። እሑድ እሑድ ከሚስቱ ጋር ዳቦ ቤቱ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ስለ ርግብ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ጋጋሪዋን ሲጠይቃት ይውላል።