የቀቀልኩት አፈር

አፈር ቀቅዬ አውቃለሁ። ለበዓል ዶሮ ብቻ የማወጣውን ትልቁን ድስት አውጥቼ፣ ውሃ ጨምሬ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አፈላሁት። ሽታው ደረጃውን ይዞ እስከ ታች ወረደ። አንደኛ ፎቅ የምትኖር ጎረቤቴ መጥታ በር አንኳኳችና “ሰላም ነው? ምን እየሠራሽ ነው?” ስትለኝ፣ “ምንም፣ አሁን ይወጣል!” ብዬ በሩን ሳልከፍት መለስኳት።

እብድ አይደለሁም። ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሸሚዝ እየገለበጥኩ እድፍ እፈልጋለሁ። ነጥብ የሚያህል ጥቁር ነገር ካየሁ ሸሚዙ ይመለሳል። ማታ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየሜ ስገባም ዓይኔ ከሥራ አይወጣም፤ ቤቴን እገለብጣለሁ።

ባለፈው ግንቦት አባቴ ከወልቂጤ ወዲያ ካለው አገራቸው መጡ። እናቴ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ፤ ዓመት ሙሉ ስለምናቸው ከርሜ ነው እሺ ያሉኝ። የመጡት በጭቃ የተለወሰ ጫማ ተጫምተው፣ አንድ ማዳበሪያ ጆንያ ተሸክመው ነው። ጆንያው ውስጥ ከነአፈሩ የተነቀለ የእንሰት ችግኝ አለ። እኔ ደግሞ አዲስ ነጠላ ጫማ ገዝቼ ጠብቄያቸው ነበር፤ ከላስቲኩም አላወጡት።

“እንግዳ ነኝ። ለጥቂት ቀን ምን ያደርግልኛል?” አሉ።

“እንግዳ አይደሉም አባባ። እዚሁ ይኖራሉ እኮ።”

ወደ ችግኙ አመለከቱ። “ይሄ እዚህ ከያዘ እኔም እኖራለሁ። ካልያዘ ለመስቀል ስሄድ በዚያው ቀረሁ።” እየሳቁ ነው ያሉት፤ አባቴ ግን እየሳቁ የሚሉትን ነገር አጥብቀው ነው የሚይዙት።

በማግስቱ ቦሌ ሚካኤል ያለ የአገራቸውን ሰው ሊጠይቁ ወጡ። እኔም ላስደስታቸው ብዬ ጆንያውን ፈታሁት። ትል! አንድ ብቻ መስሏችሁ? ዓይኔ እያየ ይህ ነገር ሰገነቴ ላይ ሊቀመጥ ነው? አፈሩን ቀቀልኩት። የችግኙንም ሥር ቧንቧ ከፍቼ በብሩሽ ፈተግኩ፣ ጠብታ በረኪና ያለበት ውሃ ውስጥ ነክሬ አለቀለቅኩ። ከዚያ ግማሽ በርሜል ውስጥ ተከልኩት። እንዲህ የጸዳ እንሰት በምድር ላይ ታይቶ አያውቅም። አባቴ ሲመለሱ “ጎበዝ!” አሉኝ። ስለ ድስቱ አልተነፈስኩም።

ሰኔ መጣ፣ እንሰቱ እዚያው ነው። ሐምሌ ገባ፣ እዚያው ነው። ዝናቡ ሰገነቱን እያጠበ ይወርዳል፣ ታች ግቢው ውስጥ ሣሩ ጉልበት ድረስ ደርሷል፣ የእኛ ግን ቅጠሎቹ ዳር ዳራቸው ደርቆ ቆሟል። አባቴ በየጠዋቱ ወንበር አውጥተው ፊት ለፊቱ ይቀመጡና በስንዝር ይለኩታል። ለክተው ሲጨርሱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ። አንድ ቀን “መናኸሪያው አሁንም እዚያው ነው?” ብለው ጠየቁኝ።

ያን ቀን ወደ አንደኛ ፎቅ ወረድኩ። ጎረቤቴ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ሁሉንም ተናዘዝኩላት፤ ድስቱን፣ ብሩሹን፣ በረኪናውን። በሩን ተደግፋ እስክትንፈራፈር ሳቀች።

“ያኔ የሸተተኝ አፈር ነበር? ሲሪየስሊ? የኔ እህት፣ ማይኮራይዛውን ጨረስሽዋ!”

“ማንን?”

“ፈንገስ ነው። ሥር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ።”

“መታጠቢያ ቤቴ ግድግዳ ላይ በየሳምንቱ የምፍቀው?”

“የሱ ዘመድ ነው፣ ጠባዩ ግን ሌላ ነው።”

አስቀምጣ አስተማረችኝ። ተክል ፎስፈረስ የሚባል ምግብ ይፈልጋል፤ ፎስፈረስ ደግሞ አፈር ውስጥ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሥሩ አጠገቡ ያለውን ከጨረሰ በኋላ ባዶ ሞሰብ ፊት እንደተቀመጠ ሰው ነው። ይሄኔ ነው ፈንገሱ የሚደርስለት። ግማሹ ሥሩ ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ ከፀጉር የቀጠነ ክሩን ሥሩ ሊደርስ ከማይችልበት ቦታ ይዘረጋና ፎስፈረሱንም ውሃውንም እየሳበ ያመጣል። ተክሉም በፀሐይ የሠራውን ስኳር ይሰጠዋል። እንሰት፣ ቡና፣ በቆሎ፣ ሎሚ፣ ብዙው ተክል የሚኖረው እንዲህ ነው።

ክር! እኔ በክር እንጀራዬን የምበላ ሴት፣ ያንን ሁሉ ክር ቀቅዬዋለሁ! ማፈር ሲገባኝ ሳቅ ሳቅ አለኝ፤ የሆነ ደስታ እንደ ልጅ አስፈነደቀኝ። ለካ አፈር ዝም ብሎ አፈር አይደለም!

“አሁንስ ምን ይሻላል?” አልኳት።

“በደህና ከሚያድግ ሌላ እንሰት ሥር ትንሽ አፈር አምጪ። ከሥሩ ጋር ካገናኘሽው ሊይዝ ይችላል።”

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጥቼ ለአባቴ ነገርኳቸው። አንድም አላስቀረሁም። በርሜሉን አንዴ፣ እኔን አንዴ አዩ።

“እንግዲህ አፈሬን ወጥ አድርገሽዋል በይኛ!” አሉና ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ፊታቸው ተለወጠ። “ጫማዬንስ አጥበሽዋል?”

አላጠብኩም። ሁለት ወር ሙሉ እጄን ሲበላኝ ከርሟል፤ ግን “መሄጃዬ ነው፣ እንዳትነኪው” ስላሉኝ በላስቲክ ቋጥሬ በር ኋላ አስቀምጬዋለሁ፤ እዚህ ሲወጡ የሚጫሙት ሌላውን ነው። አባቴ በዚያ ጫማ በየቀኑ እንሰታቸው መሀል ሲመላለሱበት ነው የኖሩት። ጋዜጣ አንጥፈው፣ ቢላ ይዘው፣ ከሶሉ ላይ የደረቀውን ጭቃ ይፍቁ ጀመር። እኔ እድፍ ሲራገፍ አይቼ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። በጣታችን ሥሩ ዙሪያ ጉድጓድ እየበሳን ጭቃውን ቀበርንና ውሃ ጠብ አደረግንበት።

ነሐሴ አለፈ። ፋብሪካ ሸሚዝ እየገለበጥኩ ሐሳቤ በርሜሉ ውስጥ ነው፤ ክሩ እየተዘረጋ ይሆን? ሥሩን አግኝቶት ይሆን? አለቃዬ ሁለቴ ገሠጸችኝ።

ጳጉሜን ላይ ከመሀል አንድ የተጠቀለለ ነገር ብቅ አለ። በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ተፈታ፤ ሰፊ፣ የሚያበራ አረንጓዴ ቅጠል! ጮኽኩ። ሰገነቱ ላይ እስክስታ ወረድኩ። የፊት ለፊቱ ብሎክ ሰዎች በመስኮት ወጥተው አዩኝ፤ አንዷማ አጨበጨበችልኝ። ጎረቤቴን ጠርቼ ባሳያት፣ “ጭቃው ይሁን ወይ ንፋስ ያመጣው ሌላ ነገር፣ በማይክሮስኮፕ ሳላየው አልምልም” አለች። አባቴ ቅር አላቸው። “የኔ ጫማ ነው” አሉ፣ አለቀ።

ከመስቀል ሦስት ቀን በፊት ሻንጣቸውን አዘጋጁ። ለመስቀል አገሩ የማይገባ የአገራችን ሰው የለም፤ ያ አልገረመኝም። ግን ስለ መመለስ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም። ጫማቸውን አጠለቁ። ተፍቆ ተፍቆ አዲስ መስሏል። በሩን ከፍተው ቆም አሉ።

“ያ ነጠላ ጫማ አለ?”

“አለ አባባ።”

“ከላስቲኩ አውጪና በር ሥር አስቀምጪልኝ። ስመለስ እግሬ ይደክማል።”

ላስቲኩን ልፈታ ዞርኩ። እሳቸው ግን ደረጃውን ጀምረውታል። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ ብሎኩ ሁሉ እስኪሰማ ተጣሩ፦ “ጭቃ ይዤ ነው የምመጣው፤ እንዳትቀቅይው!”

ሻንጣውን ከእጃቸው ልቀበል እየሳቅኩም እያለቀስኩም ተከትያቸው ወረድኩ።